መካሪ ፍለጋ ወደ ቆላ

ከዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመርቄ ወደ ሞላሌ የተመለስኩት ሥራ አጥቼ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «የራሴን ሥራ ልፈጥር ብዬ ነው» እል ነበር። የእኔ ቢጤዎች ሁሉ እንደዚያው ነበር የሚሉት። ድሮ ሥራ ፈት ይባል የነበረ ሰው በእኛ ጊዜ ሥራ ፈጣሪ የሚል ማዕረግ ወጣለት፤ ከማዕረጉ በቀር የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ደግነቱ እኔ ባዶ እጄን አልነበርኩም። አባቴ የጠጉር ሸማኔ ናቸው። ባና ይሠራሉ፤ ያንን ከበግ ጠጉር የሚሠራውን፣ ለመንዝ ብርድ ካልሆነ ለማንም የማይመች የሚመስለውን ወፍራም ብርድ ልብስ። ጠጉሩን እናቴና የሰፈሩ ሴቶች አጥበው ይፈትሉታል፣ አባቴ ይሸምኑታል፣ በገበያ ቀን ደላላ መጥቶ ይወስደዋል። ወዴት እንደሚወስደው የጠየቀ ሰው በቤታችን አልነበረም። እኔ ይህን ወደ ድርጅት ልለውጠው አሰብኩ። ባናውን አሳምረን አዲስ አበባ ላሉ ሱቆች እናስረክባለን ብዬ ተነሣሁ። ሸማኔ አለ፣ ፈታይ አለ፣ ጠጉር ከጓሳ ሜዳ ጥግ እስከ ደጃችን ሞልቷል። የጎደለኝ፣ ሁሉም እንደሚነግረኝ፣ መንቶር፣ በእኛ ቋንቋ መካሪ፣ ብቻ ነበር።

ቃሉን መጀመሪያ የሰማሁት ወጣቶችን የሚያሠለጥን አንድ ፕሮጀክት መሐል ሜዳ በመጣ ጊዜ ነው። የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰ፣ ድምፁ የሚያምር ሰው ነበር። ዓይናችንን አስጨፈነንና ወደፊት የምንነዳውን መኪና በዓይነ ሕሊናችን እንድናይ አዘዘን። ቀለሙን እዩ አለን። መሪውን ጨብጡ አለን። እኔ ከልቤ ጨበጥኩ። ከጎኔ የተቀመጠ፣ ዶሮ ማርባት የሚፈልግ የግሼ ወጣት እጁን አነሣና መኪናውን አይቼዋለሁ፣ የዶሮ መኖ ግን ከየት ነው የሚገዛው ብሎ ጠየቀ። አሠልጣኙ በሐዘኔታ ተመለከተው።

«ያንተ ችግር መኖ አይደለም፤ አስተሳሰብህ ነው» አለው።

አጨበጨብን። ያንን ጭብጨባ ሳስበው ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል። በዚያ አዳራሽ ከተነሣው ጥያቄ ሁሉ መልስ የሚገባው እሱ ብቻ ነበር።

በስልጠናው መጨረሻ ለእያንዳንዳችን መካሪ ደለደሉልን፤ ልክ እንደ ማዳበሪያ፣ በነፍስ ወከፍ። ለእኔ የደረሰኝ አሠልጣኙ ራሱ ነበር። ከደስታ ብዛት እንባዬ መጣ። ወደ ቤት ስመለስ ለእናቴ፣ ከእንግዲህ የሚያስብልኝ ሰው አግኝቻለሁ ብዬ ነገርኳት። እናቴ፣ እስከ ዛሬ ማን ሲያስብልሽ ኖረ ብላ ተቀየመችኝ።

መካሪዬ ሊጎበኘን ሞላሌ የመጣው በታኅሣሥ ነው፤ ማለዳ ማለዳ ውርጩ ሜዳውን ነጭ በሚያደርግበት ወር። የፕሮጀክቱ መኪና ደጃችን ቆመ፤ እሱ ስስ ሸራ ጫማ አድርጎ ወረደ። ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረና እናቴ ወደ እሳቱ አስጠጋችው። አባቴ ከሽመና ጉድጓዳቸው ወጥተው በአክብሮት ሰላም አሉት። ከዚያም ነጋዴ ነው የተባለ እንግዳ ሁሉ የሚጠየቀውን ጠየቁት።

«እርስዎ ምን ነግደው ነው የከበሩት?»

«እኔ የምሸጠው ሐሳብ ነው፣ አባባ» አላቸው።

አባቴ ጥቂት አሰቡ። «ይገዙታል?» አሉት።

እሱ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም፤ ከልባቸው ማወቅ ፈልገው ነበር። እኔ ግን በአባቴ አፈርኩ።

ያን ቀን የመከረኝ ምክር እሳቱ ዳር ተቀምጦ የተናገረው ብቻ ነው፤ ጠጉሩ የሚታጠብበትን ወንዝ ላሳየው ስል ብርዱን ፈርቶ ቀረ። ይልቁንም እኔ በሕይወቴ ይዤው የማላውቀውን እንዝርት አስይዞ ፎቶ አነሣኝ። ለባናው የእንግሊዝኛ ስም አወጣለት፤ ስሙን አባቴ ቀርቶ እኔም በአንድ ትንፋሽ ልጠራው አልቻልኩም። ከዚያ ባናውን አንሥቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። ከተማ ያለ ሰው በግ በግ የሚሸት ነገር አይለብስም አለ። ቀለሙም ደስ አላለውም። ግራጫ የድህነት ቀለም ነው፣ የውጭ ሰው የሚገዛው ንጹሕ ነጭ ነገር ነው አለኝ። መላውንም እዚያው ነገረኝ፤ ጠጉሩን በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ።

በእኛ ቤት አንድ ሰው ተቃወመ ብል ውሸት ነው። በመንዝ ምድር ጠጉር በረኪና ነክቶት ስለማያውቅ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ፣ ልብስ ያነጣ የለ፣ ጠጉርንስ ምን ያደርገዋል አለች። የጎረቤት ሴቶች መካሪ መጣልን ብለው የዓመቱን ጠጉራቸውን አምጥተው እኔ ባዘጋጀሁት የበረኪና በርሜል ውስጥ ጨመሩት። እንደ ተነከረ ነጭ ነበር፤ ሴቶቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ግን እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆነ። ሊፈትሉት ሲሞክሩ እንደ ደረቀ ገለባ እጃቸው ላይ ተበጣጠሰ። በዚያ ዓመት ከእኛ ሰፈር ለገበያ የወጣ ባና አልነበረም ማለት ይቻላል። ሴቶቹ አልሰደቡኝም፤ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ግን ሰላምታቸው አጠረ።

ለመካሪዬ ደወልኩለት። የሆነውን ሁሉ ስነግረው ሳያቋርጠኝ አዳመጠ፤ ማዳመጥስ ያውቅበታል።

«ደስ ይበልሽ» አለኝ። «ውድቀት የስኬት እርሾ ነው።»

«የጎረቤቶቼ ጠጉር ነው የወደቀው» አልኩት።

«እነሱም ይማሩበታል።»

ከጥቂት ወራት በኋላ አንዱን ንግግሩን በስልክ አየሁት። መድረክ ላይ ቆሞ ስለ አንዲት የመንዝ ልጅ ያወራል፤ ወድቃ ስለ ተነሣች፣ እሱም እጇን ይዞ ስላነሣት። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያጨበጭባል። እኔ በዚያን ሰዓት ገና እንደ ወደቅኩ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ ገበያ እየወጣሁ ሸማኔዎቹ የሚያወሩትን ጆሮዬን ጥዬ መስማት ጀመርኩ። ሁሉም የሚረግሟቸው አንዲት ሴት ነበሩ። ከጓሳ ቁልቁል፣ ትልቁ የመኪና መንገድ በሚያልፍባት የቆላ ከተማ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ደላላው ባናችንን ሲሰበስብ የኖረው ለእሳቸው ነው። አንዱ ሸማኔ «ጅብ ናት» ይላል፤ ሌላው «ጅብስ ሲጠግብ ይሄዳል» ይላል። እንዲህ ሲረግሙ ይውሉና ባናቸውን ለደላላው አስረክበው ይገባሉ። ነገሩን አሰላሰልኩት። ይህን ያህል ሰው እየረገማቸው ይህን ያህል ሰው የሚሸጥላቸው ሴት አንድ የሚያውቁት ነገር መኖር አለበት። ለመካሪዬ ሰው ሁሉ ያጨበጭብለት ነበር፤ አንድ ነገር ሲሸጥ ግን ያየው የለም።

አባቴ ሐሳቤን ሲሰሙ ወደ ሽመና ጉድጓዳቸው ተመለሱ፤ እሺ ማለታቸው አልነበረም። እናቴ፣ የሙስሊም ቤት ገብተሽ ምን ትበያለሽ አለችኝ። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ከአባቴ ባና አንዱን ደህናውን ጠቅልዬ ወጣሁ። አውቶቡሱ ጓሳን አቋርጦ ቁልቁለቱን ሲያያዘው የፍሬኑ ሽታ አፍንጫችንን ሞላው። ደጋ ላይ የደራረብነውን አንድ በአንድ እየገፈፍን ወረድን።

እትዬን፣ አገሩ ሁሉ የሚጠራቸው እንደዚያ ነውና እኔም ሌላ ስም አልሰጣቸውም፣ ሱቃቸው በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወፍራም፣ ፊታቸው የማይፈታ ሴት ናቸው። ከኋላቸው ጨው፣ ሳሙና፣ ሳፋ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ከዚያም እስከ ጣሪያ የተቆለለ የእኛ አገር ባና ይታያል። የያዝኩትን ተቀብለው ገለጥ አደረጉት፤ ከጫፉ አንድ ክር መዘው በጥርሳቸው በጠሱና ባናውን ቁልሉ ላይ ወረወሩት። ከዚያ ዋጋ ጠሩልኝ። አባቴ ቢሰሙት ያለቅሱ ነበር።

«ለመሸጥ አይደለም የመጣሁት» አልኳቸው። «ንግድ እንዲያስተምሩኝ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ተምረሻል?»

«አዎ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሻለሁ።»

«እና አላስተማሩሽም?»

ዓይኔን ወደ ባናው ቁልል መለስኩ።

«ንግድ ትምህርት አይደለም» አሉኝ። «ወይ ትበያለሽ፣ ወይ ትበያለሽ።»

ሁለተኛውን ጠበቅ አድርገው ነበር ያሉት። ቃሉ ሲጻፍ አንድ ሆኖ፣ መብላቱና መበላቱ በምላስ ብቻ እንደሚለዩ ያን ቀን ልብ አልኩ።

አላባረሩኝም። ሥራ ፈትታ የቆመች ሰው ማየት ስለማይወዱ ሳፋዎቹን ወደ በር እንዳወጣ አዘዙኝ፤ አወጣሁ። በማግስቱም አወጣሁ። ከቤት ሠራተኛቸው ጋር እያደርኩ፣ ያለ ደመወዝ፣ ሱቃቸው ውስጥ ከረምኩ። በምሳ ሰዓት ሥጋ ሲቀርብ እኔ ሽሮዬን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ። እሳቸው አንድ ቀን ለደንበኛቸው፣ ይቺ ደገኛ ሥጋዬን ተጠይፋ ንግዴን ልትበላ ነው የመጣችው ብለው አሳቁብኝ። ሽሮው ግን በሌላ ድስት፣ በሌላ ማንኪያ ነበር የሚሠራው፤ እሳቸው ናቸው ያዘዙት። ይህንን አሁን በደግነታቸው የምጽፈው እንዳይመስላችሁ። የሚያገለግላቸውን ሰው በረሃብ የማጣት ፍላጎት አልነበራቸውም፣ በቃ።

አንድም ቀን ቁጭ አድርገው ያስረዱኝ ነገር የለም። የማየው ግን ነበረኝ። እትዬ ዕቃቸውን አያሞግሱም። ሹፌር መጥቶ ባና ሲዳስስ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት፣ ላንተ አይሆንህም ተወው ይሉታል። ለምን አይሆነኝም ብሎ ይቆጣል፤ ተቆጥቶ ይገዛል። ዋጋ የሚከራከራቸው ሰው ሲገኝ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ሲረዝም ሰውዬው ከራሱ ጋር ተከራክሮ ይጨርሳል። ዩኒቨርሲቲ የድርድር ክህሎት የሚባል ኮርስ ወስጃለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አግኝቼበታለሁ። አስተማሪያችን እትዬ ፊት ቢቆም ሱሪውን አስረክቦ ይሄድ ነበር።

እኔ ደግሞ፣ ይህን ሁሉ እያየሁ፣ አንድ መልካም ቃል ከአፋቸው እጠብቅ ነበር። ሱቁን ጠርጌ ሳበቃ፣ ዕቃ ሳልሰብር ሳወርድ፣ ያመጣሁትን ደንበኛ ሳስረክብ ፊታቸውን አያለሁ። ፊታቸው እንደ ተዘጋ ሱቅ ነው።

አንድ ቀን የጭነት መኪና ሹፌር ባና ገዛ። ገዝቶ እንደ ወጣ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት ቢላዋ አወጣና መሐሉን ይቆርጠው ጀመር። እኔ የአባቴን ሥራ ስለማውቀው ሮጬ ወጣሁ። ምን ማድረግህ ነው ስለው በቢላዋው ወደ መኪናው አሳየኝ። ቀንና ሌሊት የሚቀመጥበት ወንበር በሙቀት ጀርባውን ይልጠዋል፤ ከወንበሩ ጀርባ ያለችው መኝታ ደግሞ ደጋ ሲወጣ ትበርዳለች። ፕላስቲኩን ልብስ ሞክሮታል፣ ያልበዋል። ጠጉር በሙቀት አያልብም፣ በብርድ ይሞቃል አለኝ። ባናው ግን ሰፊ ስለሆነበት እኩሌታውን ቆርጦ ሊጥለው ነው። ጓደኞቹም እንደዚያው ያደርጋሉ።

የተቆረጠውን ቁራጭ ይዤ ወደ እትዬ ገባሁ። በወንበሩና በመኝታው ልክ አሠርተን ብንሸጥስ አልኳቸው። በሕይወቴ ከራሴ ያፈለቅኩት የመጀመሪያው የንግድ ሐሳብ ነበር።

«ሹፌር ለጎማው እንጂ ለቂጡ ገንዘብ አያወጣም» አሉኝ። «ሳፋውን አስገቢ።»

ሳፋውን አስገብቼ በማግስቱ ወደ ደጋ ወጣሁ።

አባቴ ከእትዬ ባሱ። ባና ሰው የሚለብሰው እንጂ ሰው የሚቀመጥበት አይደለም አሉ። ለፈረስ ኮርቻ ማልበሻ ሠርተው እንደሚያውቁ ባስታውሳቸው፣ ፈረስ ነፍስ አለው አሉኝ። ብዙ ቀን ተኳረፍን። በመጨረሻ ያሸነፋቸው የእኔ ቃል ሳይሆን እናቴ ናት። በርሜሉ ውስጥ ያለቀውን ጠጉር አስታውሳ፣ ልጅቷ ያጠፋችውን ልትመልስ ብትል ምን ከለከላት ብላ ተነሣችባቸው። አባቴ እያጉረመረሙ፣ ጥቁሩንና ግራጫውን ጠጉር ቀላቅለው፣ ጥብቅ አድርገው፣ ሹፌሩ በነገረኝ ልክ ሸመኑ። ያንን የድህነት ቀለም የተባለውን ግራጫ። ሲጨርሱ በእጃቸው ዳስሰው፣ ይህስ ሰው ቢለብሰው ምን ነበረ ብለው አዘኑ።

ወደ እትዬ ሱቅ ይዤ ወረድኩ። ጥግ ላይ ቦታ ሰጡኝ፤ ከሽያጩ ድርሻቸውን ቆርጠው። ሹፌሮቹ ገዙት። አንዱ ለሌላው እያወራ፣ ቀጥ ብለው እኔ ጥግ ድረስ የሚመጡ ሆኑ። ያመጣሁት አልቆ ሌላ ላመጣ ስነሣ እትዬን ቀና ብዬ አየኋቸው፤ አሁንስ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ። «ቦታው ተለቀቀልኝ» ነው ያሉት።

ደጋ ወጥቼ የሰፈሩን ሴቶች አስፈትዬ፣ አባቴንና ሌላ አንድ ሸማኔ አሠርቼ ስመለስ ጥጌ ተይዞ ጠበቀኝ። ቁልሉ የእኔን ሥራ ይመስላል። በልኩ የተቆረጠ፣ ግራጫና ጥቁር። ዳሰስኩት። ሳሳ ያለ ነው፣ ግማሹም ጠጉር ሳይሆን የፋብሪካ ክር ነው። እትዬ ሌላ ቦታ ባለ ሸማኔ አሠርተውታል። እኔ ደጋ ላይ በነበርኩበት ጊዜ ለሹፌሮቹ ሲሸጡት ከርመዋል።

እትዬ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘዋል። ፊታቸው ሄጄ ቆምኩ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አምኜዎት ነበር።»

«ማን እመኚኝ አለሽ?» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «እኔ ነጋዴ ነኝ። የንስሐ አባትሽ አይደለሁም።»

እንዳላለቅስ ጥርሴን ነክሼ ዕቃዬን ጫንኩና ወጣሁ። ወደ ደጋ የሚሄደው አውቶቡስ ተራው ደርሶ ይጠራል። ልሳፈር አንድ እግሬን አንሥቻለሁ። ያን ጊዜ አእምሮዬ ውስጥ የመጣው የዚያ የመካሪዬ መልክ ነው፤ ይህንንም ብነግረው ደስ ይበልሽ እንደሚለኝ፣ ከዚያም መድረክ ላይ ወጥቶ እንደሚያወራው። እሱን ከማስደሰት እትዬን ማናደድ ይሻለኛል ብዬ እግሬን መለስኩ።

ከከተማው ዳር የጭነት ሹፌሮች ምሳ የሚበሉበት ምግብ ቤት ነበር። ባለቤቷን ለምኜ በረንዳዋ ላይ ዕቃዬን ዘረጋሁ። መጀመሪያ ማንም አላየኝም፤ ሁሉም ከእትዬ በርካሽ ገዝቷል። እኔም እንደ ስልጠናው ፈገግ እያልኩ፣ ኑ እዩ፣ በእጅ የተሠራ ነው እያልኩ ስጣራ ዋልኩ። ሹፌር ደግሞ ፈገግ የምትልለትን ነጋዴ ይጠረጥራል። በኋላ ሰለቸኝ። ፊቴን አጥቁሬ ተቀመጥኩ። አንዱ መጥቶ ሲዳስስ፣ ተወው፣ አንተ የእትዬን ነው የምትፈልገው አልኩት። ለምንድን ነው የእትዬን የምፈልገው ብሎ ተቆጣ። ነገሩ ይሠራል።

የእትዬ ዕቃ ደግሞ ራሱን አጋለጠ። የፋብሪካው ክር ሙቀት ላይ አላበ፤ ሳሳ ያለው ሸማ ከወንበሩ ላይ እየተንሸራተተ ተጨማደደ። ሹፌሮቹ እያነሡ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ይወረውሩላቸው ጀመር። እትዬ ይህን ያህል ዘመን ነግደው ጠጉርን ከክር መለየት አቅቷቸው አልነበረም። ሹፌር አይለይም ብለው ንቀውት ነው። ንቀት ሲበዛ እሳቸውንም ያሳውራል፤ ያየሁት በዓይኔ ነው።

አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በፊት፣ ጥላ ይዘው፣ በእግራቸው ወደ በረንዳው መጡ። ምሳ የሚበላው ሁሉ እጁን ሳህን ላይ አቁሞ አየ። ጠብ ነበር የሚጠብቀው፤ እኔም እንደዚያው። እትዬ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ከዕቃዬ አንዱን አንሥተው ሲሸጥ የዋለበትን ዋጋ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«አርክሰሽዋል» አሉ። «ሹፌር ርካሽ ነገር አያምንም። እኔ የሚያምን መስሎኝ ነው የተሳሳትኩት።»

በቀጥታ ያገኘሁት ምክር ይህ አንድ ብቻ ነው፤ ከስሕተታቸው ጋር ተጠቅልሎ የመጣ። ወዲያው ደግሞ ወደ ንግዳቸው ገቡ። የእሳቸውን ማሠራት ሊያቆሙ፣ የእኔን በጅምላ ወስደው በመንገዱ ላይ ላሉ ከተሞች ሊያከፋፍሉ ነው። ዋጋ ጠሩልኝ። እኔ ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ምግብ ቤቱ በሙሉ ዝም አለ። አዛን እስኪሰማ ሁለታችንም አፋችንን አልከፈትንም። ሲነሡ ዋጋውን ከፍ አድርገው ጠርተውት ነው የሄዱት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። አሁን የሰፈራችን ሴቶች ጠጉራቸውን ለእኔ ነው የሚፈትሉት፤ ሰላምታቸውም ረዝሟል። አባቴ የወንበሩን ልብስ ለሌሎች ሸማኔዎች ትተው ወደ ባናቸው ተመልሰዋል፤ ክብራቸው ነው። የመጀመሪያው መካሪዬ ደግሞ ወሬውን ከየት እንደ ሰማ እንጃ ደወለልኝ። የሠራው ፍሬ ለታየለት ሰው የሚሰጥ አንድ ሽልማት አለ፤ መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ እሱ እንድመሰክር ፈለገ። በረኪናው ትዝ ይለው እንደሆነ ጠየቅኩት። ጥሩ ታሪክ ነው፣ እሱንም ንገሪያቸው አለኝ። አልሄድኩም። ሽልማቱን ያለ እኔም አገኘው፤ እንዝርት ይዤ የተነሣሁትን ፎቶ ከኋላው በትልቁ ሰቅሎ።

አሁን ሳስበው እኔም በዚያ ዕድሜዬ ስፈልገው የነበረው ምክር አልነበረም። አይዞሽ የሚለኝ ሰው ነበር የምፈልገው። ስሙን በእንግሊዝኛ ስለጠራሁት ሌላ ነገር መሰለኝ እንጂ፣ አይዞሽማ እናቴ ዘንድ በነፃ ሞልቶ ነበር። ሰውየው ይህንን ያውቃል። በአዳራሽ ሞልተው ዓይናቸውን ለሚጨፍኑ ልጆች ሁሉ የሚሸጥላቸው ሐሳብ ሳይሆን አይዞሽን ነው። ለአባቴ ጥያቄ መልሱ፣ አዎ፣ ይገዙታል ነው።

እትዬ ዛሬም አላመሰገኑኝም። ስንገበያይ እንሰዳደባለን፤ ደላላቸው ያልተሸጠ ነው ብሎ ሲመልስልኝ ክር ያለበትን ቀላቅሎ ሊያሳልፍብኝ ይሞክራል፣ እኔም ቁልሉን እስከ ታች አገላብጬ አያለሁ። ባለፈው መኸር ግን ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች ሴት ልጅ አለቻቸው። ንግድ ልጀምር ብላ እናቷን ብትጠይቅ፣ እትዬ ወደ እኔ ላኳት። ከመሐል ሜዳ በመጣው አውቶቡስ ሻንጣዋን ይዛ ሞላሌ ወረደች፤ በብርዱ ከንፈሯ ተሰንጥቋል። ምን ብለው እንደ ላኳት ጠየቅኋት።

«ልጄን እኔ አልችላትም፣ እሳሳላታለሁ አሉ» አለችኝ። «አትራሪላት ብለሽ ንገሪያት አሉኝ።»

ያን ቃል ስሰማ ምን እንደ ተሰማኝ መጻፍ ያስቸግረኛል። ቀና ብዬ አላየኋትም። ልጅቷ ወዲያው ስልኳን አወጣችና ለምትጀምረው ድርጅት ያሰበቻቸውን ስሞች ታነብልኝ ጀመር፤ የትኛው ይሻላል ብላ። ስልኩን አስቀምጪና ከሴቶቹ ጋር ወንዝ ወርደሽ ጠጉር እጠቢ አልኳት። እጇ እስኪያብጥ አጠበች። እኔን በስልክ ለእናቷ ስታማኝ ሰማኋት፤ ክፉ ናት ትላለች። የቀረውን አልሰማሁም፤ እናቷ ግን ረጅም ጊዜ ሳቁ።

ባለፈው ሳምንት ወደ ዓለም ከተማ ለሚመላለስ አንድ ሹፌር፣ እኔ በሌለሁበት፣ አንድ የወንበር ልብስ እኔ ከምሸጥበት በላይ ሸጣለች። ትርፉን ለእኔ አልነገረችኝም፤ የነገረኝ ሹፌሩ ነው። ማታ እራት ላይ ሽሮዋን እየበላች ፊቴን ታያለች፤ የሰማሁ እንደሆነ ልታውቅ። እኔ እንጀራዬን ቆርሼ፣ ነገ የሚታጠበው ጠጉር ብዙ ነውና በጊዜ ተኚ አልኳት።